ደረቅ ምድር ያስቀመጠው

ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስተን ወደ ከተማው ምዕራብ ስናቀና አንድ ሰፊ ድልድይ ተሻገርን። ከሥሩ አሸዋ ብቻ ነው። ታክሲውን የሚነዱት ጋሼ በአገጫቸው ወደ ታች አመለከቱኝ።

«ይሄ ወንዝ ነው።»

አሸዋውን አየሁ፤ መልሼ እሳቸውን አየሁ።

«ምነው? ደቻቱን አታውቅም? ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይሄን ለማመን አይቸገርም። ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚመላለስበት፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት አሸዋ ነው። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን...» ነገሩን ሳይጨርሱት ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የድሬ ሰው ስለ ወንዙ ሲያወራ ብዙ ጊዜ እንዲህ መሃል ላይ ያቆማል።

የተሻገርነው ወንዝ ሳንታ ክሩዝ ይባላል። ከተማዋ ቱሳን ናት፤ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በአሪዞና፣ ከሜክሲኮ ድንበር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶኖራ በረሃ ውስጥ የተቀመጠች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 270 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እዚህ ማንም አይገረምም። በዚህ ምድር መሃል ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ በሕዝብ ሀብት የቆመ የምርምር ዩኒቨርሲቲ አለ። የመጣሁት እሱን ለማየት ነው። አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር፦ ውኃ በሌለበት አገር ዩኒቨርሲቲ ምን ይበላል? ስመለስ ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ ነበር።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

ዩኒቨርሲቲው ሲወለድ የፈለገው ሰው ጥቂት ነበር። በ1885 አሪዞና ገና ሙሉ ግዛት ያልሆነች፣ ከዋሽንግተን የምትተዳደር የጠረፍ ምድር ሳለች፣ ምክር ቤቷ ፕሬስኮት በምትባል የተራራ ከተማ ተሰበሰበ። ከተሞቹ ሁሉ የመንግሥትን ድርሻ ይሻሙ ነበር። የቱሳን ሰዎች የቋመጡት ለዋና ከተማነት ነው፤ ከ1867 እስከ 1877 በእጃቸው ነበረና ይመለስልን አሉ። አልተመለሰም። ከ100,000 ዶላር ጋር የሚሰጠው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም ወደ ፊኒክስ ሄደ። ለቱሳን የተረፋት 25,000 ዶላር የተመደበለት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ እሱም መሬቱን ራሷ ካቀረበች ነው። ወኪሏ ሲ.ሲ. ስቲቨንስ ተመልሶ ለሕዝቡ ሊያስረዳ ቢነሳ እንቁላልና የበሰበሰ አትክልት ዘነበበት፤ የሞተ ድመት ጭምር ተወርውሮበታል ይባላል።

በሰዎቹ መፍረድ ይከብዳል። በመላው ጠረፍ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው ቢከፈት ማን ሊማርበት ነው? መሬት የሚሰጥም ጠፋ። ጄኮብ ማንስፌልድ የሚባል መጽሐፍ ሻጭ ግን አልተወውም፤ ቤት ለቤት ዞሮ ለመነ። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውን 40 ኤከር፣ ወደ 16 ሄክታር የሚሆን በረሃ፣ ሁለት ቁማርተኞችና አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሰጡት። በ1891 ትምህርት ሲጀመር 32 ተማሪዎችና 6 መምህራን ነበሩ። ከ32ቱ ለዩኒቨርሲቲ የደረሱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት መሰናዶ ገቡ።

ያ የመጀመሪያ ሕንጻ ዛሬም ቆሟል። ኦልድ ሜይን ይሉታል። ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ከቦታል፤ የታችኛው ፎቅ ግማሹ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ ነው የተሠራው። ቀትር ላይ ከደረጃው ወርጄ እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ይቀዘቅዝ ነበር። ኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሳይኖር በፊት እዚህ ያስተማሩ ሰዎች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ከበረሃ እንስሳት የወሰዱ ይመስለኛል፤ በዚህ አገር ቀን ላይ ነፍስ ያለው ሁሉ ጉድጓድ ይገባል።

*

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቱማሞክ ኮረብታ ግርጌ ደረስኩ። ከጅግጅጋ መጥታ እዚሁ የከርሰ ምድር ውኃ የምታጠና የዶክትሬት ተማሪ ቀድማ ትጠብቀኝ ነበር። የከተማው ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ አሮጊት፣ ጎረምሳ፣ ልጁን በጀርባ ያዘለ። መንገዱ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙን ግን ሳጓሮ ቆሞበታል።

ሳጓሮን ያላየ ሰው ቁልቋልን ያስብ። ዝምድና የላቸውም፤ የተለያየ አህጉር ላይ ሆነው ለተመሳሳይ ችግር ተመሳሳይ መልስ የሰጡ ተክሎች ናቸው። ሳጓሮ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከሁለት ፎቅ በላይ ይቆማል። ግንዱ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጠጥቶ ይነፋል፣ ድርቅ ሲገባ ይሰበሰባል። በቀን አይተነፍስም። ውኃ እንዳያመልጠው ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው ሌሊት ነው። ዕድገቱ ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል። አሥር ዓመት የሞላው ሳጓሮ ገና ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ከ50 እስከ 70 ዓመት ይፈጅበታል፤ ከተመቸው 150 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

እንዲህ ያለውን ፍጥረት አንድ ሰው በዕድሜው አጥንቶ ሊጨርሰው አይችልም። ኮረብታው ላይ ያለው የድንጋይ ቤት የተሠራው ለዚህ ነው። በ1903 የካርኔጊ ተቋም የበረሃ ዕፅዋት ቤተ ሙከራ ከፈተበት። በ1906 ቮልኒ ስፖልዲንግ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ቦታዎችን ከልሎ በውስጣቸው የበቀለውን እያንዳንዱን ተክል በካርታ አሰፈረ። ወዲያው ኮረብታው በሙሉ ታጠረ፣ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ። ስፖልዲንግ ሲሄድ ፎረስት ሽሪቭ ቀጠለ፤ ሽሪቭ ሲያልፍ ሌሎች ቀጠሉ። በ1960 ዩኒቨርሲቲው ቦታውን ገዛው። ዛሬም ወደነዚያው ክልሎች ተመልሰው ይቆጥራሉ። በዓለም ላይ ይህን ያህል ዘመን ሲቆጠሩ የኖሩ የዕፅዋት ክልሎች በጣም ጥቂት ናቸው።

ተማሪዋ አንድ ዛፍ ጎን ተንበርክካ ቅርንጫፉን ገለጥ አደረገችልኝ። ከሥሩ አውራ ጣት የምታክል ሳጓሮ ተደብቃለች። «ይቺን ጥላ የሚሰጣት ፓሎ ቬርዴ የሚሉት ዛፍ ነው» አለችኝ። «ከፀሐይም ከውርጭም ይሸፍናታል። ስታድግ ታዲያ ውኃውን ትሻማዋለች፤ ብዙ ጊዜ አሳዳጊዋ ቀድሞ ይሞታል።» ይህን ዝምድና ሽሪቭ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎታል። ኦዳም የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ግን ከሽሪቭ በፊት ያውቁታል። ዓመታቸው የሚጀምረው ሳጓሮ ሲያፈራ ነው፤ ከደረቀ ሳጓሮ አጽም በተሠራ ረጅም ዘንግ ቀዩን ፍሬ ያወርዱታል፤ እንደ በለስ ይበላል፣ ይጨመቃል። ከዚያ ዝናብ ይጠበቃል። የኮረብታው ስምም የእነሱ ነው፤ በአካባቢው ከሚኖር ቀንዳም እንሽላሊት የተወሰደ።

እኔን የያዘኝ ግን 1906 የሚለው ቁጥር ነው። የዚያ ዘመን ተመራማሪዎች ለራሳቸው የሚሆን መልስ እንደማያገኙ እያወቁ ቆጥረዋል።

*

ከኮረብታው ወርደን ወደ ግቢው ገባን። መሃሉ ላይ የአሜሪካ እግር ኳስ የሚጫወቱበት ትልቅ ስታዲየም አለ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ትልልቅ ነገሮች ሁለቱ የተወለዱት ወይም ያደጉት ከዚህ ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነው። በምዕራቡ በኩል ያለፈው ዘመን፣ በምሥራቁ በኩል ሩቁ ሰማይ።

ከምዕራቡ ልጀምር። አንድሩ ዳግላስ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በ1894 ፍላግስታፍ ሄዶ ለባለጸጋው ፐርሲቫል ሎዌል የምልከታ ጣቢያ አቋቋመ። ሎዌል ማርስ ላይ ፍጡራን የቆፈሯቸው ቦዮች ይታዩኛል ይል ነበር፤ ዳግላስ ይህን ስለተጠራጠረ በ1901 ከሥራው ተባረረ። በ1906 ወደ ቱሳን መጣ። በልቡ የያዘው ጥያቄ የፀሐይ ነው፦ በፀሐይ ገጽ ላይ በየ11 ዓመቱ የሚበዙትና የሚያንሱት ጥቁር ነጥቦች የምድርን የአየር ጠባይ ይቀይራሉ ወይ? ለመመለስ የብዙ መቶ ዓመት የዝናብ መዝገብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መዝገብ በሰው እጅ አልነበረም። ዳግላስ ዛፎች ዘንድ ሄደ።

ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ በጠገበ አገር ቀለበቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ዛፉ ጠምቶት አያውቅምና የሚናገረው የለውም። በደረቅ አገር ተራራ ላይ የቆመ ጥድ ግን እያንዳንዱን ዓመት ይሰማዋል። ጥሩ ዓመት ሰፊ ቀለበት፣ ክፉ ዓመት ክር የመሰለች ቀጭን ቀለበት። ይህ የቀጭንና የሰፊ ቅደም ተከተል በአንድ አካባቢ ባሉ ዛፎች ሁሉ ላይ አንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተቆረጠ ዛፍ የልጅነት ቀለበቶች ከመቶ ዓመት በፊት ተቆርጦ ቤት የተሠራበት ግንድ የሽምግልና ቀለበቶች ጋር ይገጥማሉ፤ ያኛው ደግሞ ከእሱ ከሚቀድመው ጋር። እንዲህ እየተያያዙ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

ዳግላስ በዚህ መንገድ እስከ 1260 አካባቢ ደረሰ። ከዚያ በፊት ጨለማ ነበር። በሌላ በኩል ከጥንታውያኑ የፑዌብሎ መንደሮች ፍርስራሽ የተገኙ ምሰሶዎች እርስ በርስ ተገጣጥመው የ585 ዓመት ሰንሰለት ሠርተው ነበር። ሰንሰለቱ ግን የት እንደሚጀምር የሚያውቅ የለም፤ መልሕቅ እንደሌለው ታንኳ ይንሳፈፋል። ቻኮ ሸለቆ ውስጥ ያለው ፑዌብሎ ቦኒቶ የተባለው ባለ ብዙ ክፍል ታላቅ ሕንጻ መቼ እንደተሠራ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር፤ ምሰሶው ሁሉ ያለው በሚንሳፈፈው ሰንሰለት ላይ ነው።

ሰኔ 22 ቀን 1929 ሾው ሎው በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሊንደን ሃርግሬቭና ኤሚል ሃውሪ የተባሉ ወጣት ቆፋሪዎች ከአፈር ውስጥ አንድ የከሰለ ግንድ አወጡ። ቁጥሩን ኤችኤች-39 ብለው ጻፉበት። ዳግላስ እዚያው ነበር። የዛፎቹን ቀለበት በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያን ምሽት በመብራት ብርሃን እየቆጠረ የውጪዎቹ ቀለበቶች በ1380 አካባቢ የሚያበቁ፣ የውስጠኛዋ 1237 የሆነች መሆኗን አገኘ። ግንዱ ሁለቱንም ሰንሰለት ይነካል። ክፍተት ተብሎ ሲፈለግ የኖረው ነገር ክፍተት አልነበረም፤ ሁለቱ ሰንሰለቶች ጥቂት ዓመት ተደራርበው ኖረዋል፣ ማሰሪያው ብቻ ነበር የጠፋው። መዝገቡ በአንድ ሌሊት እስከ 700 ዓ.ም. ወረደ፤ ፑዌብሎ ቦኒቶም የተሠራበት ዘመን ታወቀ። ታላቁ ድርቅም ቀኑ ተቆረጠለት፦ ከ1276 እስከ 1299። የፑዌብሎ ሕዝብ የአለት መንደሮቹን ለቆ የተሰደደው በዚያው ዘመን ነው።

ዝናብ በበዛበት አገር ቢሆን ኖሮ የፍርስራሾቹን ምሰሶዎች ከብዙ ዘመን በፊት ምስጥና ሻጋታ በበላቸው ነበር። መዝገቡን የጻፈው ድርቀት ነው፤ መዝገቡን ሳይበላሽ ያስቀመጠውም ድርቀት ነው።

በ1937 ዳግላስ የዛፍ ቀለበት ጥናት ቤተ ሙከራን መሠረተ። ቦታ ስላልነበረ «ለጊዜው» ተብሎ ከስታዲየሙ ምዕራባዊ መቀመጫዎች ሥር ተሰጠው። ለጊዜው የተባለው 76 ዓመት ሆነ፤ በዛፍ መልክ ወደተሠራው የራሱ ሕንጻ የገባው በ2013 ነው።

የዚህ ቤት ሥራ ወደ ሰው ጉሮሮ የደረሰበት ታሪክ ከኤችኤች-39 ይልቅ ያሳስበኛል። በ1922 ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች የኮሎራዶን ወንዝ ውኃ ተከፋፈሉ። ክፍፍሉ የተመሠረተው ጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ በተለካ ፍሰት ላይ ነበር። በ1976 የቱሳኑ ቻርልስ ስቶክተንና ባልደረባው ጎርደን ጃኮቢ የተፋሰሱን ዛፎች ቀለበት አንብበው ወንዙ በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ይፈስ እንደነበር አሰሉ። ስምምነቱ የተለካባቸው ዓመታት በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ እጅግ እርጥብ ከነበሩት መካከል ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ የተከፋፈሉት ወንዙ የሌለውን ውኃ ነው። ዛሬ በኮሎራዶ ላይ ያለው ብዙው ጭቅጭቅ ከዚህ ሥር ይነሳል። ቱሳን ራሷ 541 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ቦይ፣ ሽቅብ እየተገፋ ከሚመጣ ከዚሁ ወንዝ ትጠጣለች፤ ቦዩ የተጠናቀቀው በ1993 ነው። ወንዝ የሚጋሩ አገሮች ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ስንት ዓመት ለኩ ብለው ቢጠያየቁ መልካም ነው።

*

በስታዲየሙ ምሥራቅ ሌላ በር አለ። ገብተን ስንወርድ ጣሪያው እንደ ደብር ከፍ ይላል። መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ግዙፍ እቶን ተቀምጧል።

ሮጀር ኤንጀል የሚባለው እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነገሩን የጀመረው በ1980ዎቹ መግቢያ ጓሮው ውስጥ በሠራው ምድጃ፣ የወጥ ቤት መስታወት ጎድጓዳ ሳህን እያቀለጠ ነው። ዛሬ ከጃፓን የሚመጣ 20 ቶን ገደማ መስታወት እቶኑ ውስጥ ይደረደራል፤ ወደ 1,165 ዲግሪ ይሞቃል፤ እቶኑ በደቂቃ አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል። የቀለጠው መስታወት በመዞሩ ኃይል ወደ ዳር ይወጣል፣ መሃሉ ይጎደጉዳል፤ ሻይ በማንኪያ ሲማሰል ብርጭቆው ውስጥ የሚሠራውን ቅርጽ ይይዛል። ከሥር እንደ ማር እንጀራ ባዶ ክፍሎች ስላሉት ክብደቱ ይቀላል። ለመቀዝቀዝ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ተቻኩለው ቢያቀዘቅዙት ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ይወለወላል፤ መጨረሻ ላይ የገጹ እንከን ከሰው ፀጉር ውፍረት በሺህ ጊዜ ያነሰ መሆን አለበት። 8.4 ሜትር ስፋት ያላቸው እነዚህ መስታወቶች ዛሬ ቺሊ ተራሮች ላይ ባለው የሩቢን የምልከታ ማዕከልና በአሪዞናው ባለ ሁለት ዓይን ቴሌስኮፕ ላይ ናቸው። ለግዙፉ የማጄላን ቴሌስኮፕ የሚያስፈልጉት ሰባቱም ከዚሁ ይወጣሉ፤ ሰባተኛው በ2023 ቀልጧል።

ይህ ሁሉ ከበረሃ የመጣ ነው። ደመና የሌለው ሰማይ፣ እርጥበት የሌለው አየር ለኮከብ ተመልካች ሀብት ነው። ቱሳን ሀብቱን ለመጠበቅ በ1972 የመንገድ መብራት የሚገድብ ደንብ አወጣች፤ ማታ ላይ ከዚህ ትልቅ ከተማ መሃል ቆሜ ያየሁትን ያህል ኮከብ አዲስ አበባ ላይ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ሰማዩ ግን ባለቤት አልባ ምድር ላይ የተዘረጋ አልነበረም። ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው ኪት ፒክ የቶሆኖ ኦዳም ሕዝብ ቅዱስ ተራራ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የምልከታ ጣቢያ ሊሠሩበት የፈለጉ ሰዎች የሕዝቡን መሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ጋብዘው በትልቁ ቴሌስኮፕ ጨረቃን አሳዩዋቸው። ሽማግሌዎቹ አይተው መከሩ፤ በ1958 ተራራቸውን አከራዩ፤ የመጡትንም «ረጅም ዓይን ያላቸው ሰዎች» አሏቸው። ይህ በመጠየቅ የተገኘ ነው። ባለ ሁለት ዓይኑ ቴሌስኮፕ በቆመበት በግራሃም ተራራ የሆነው ግን ሌላ ነው። ለአፓቼ ሕዝብ ተራራው የጸሎት ቦታ ነው፤ ሌላ የትም የማይገኝ ቀይ ሽኮኮም ይኖርበታል። በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት ግንባታውን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተቃውሞና ክስ እያለ ሥራውን ገፋበት። መስታወቱ ድንቅ ነው። የአፓቼ ሽማግሌዎች እሺ ሳይሉ መሠራቱ ግን በእኔ ፍርድ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም ከኪት ፒክ ጋር ሲተያይ ይበልጥ ይጎላል።

*

መስከረም 24 ቀን 2023 ከሰማይ አንዲት እንክብል በዩታ በረሃ አሸዋ ላይ በጃንጥላ አረፈች። በውስጧ ቤኑ ከምትባል ትንሽ የሰማይ አለት የተዘገነ 121.6 ግራም አፈር ነበር። ጉዞውን ለናሳ የመራው ይህ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ማይክል ድሬክ በ2011 ፈቃዱ በተገኘ በወራት ውስጥ አረፈ፤ አብሮት ሲሠራ የነበረው ዳንቴ ሎሬታ ተረክቦ ጨረሰው። የጨረቃና የፕላኔቶች ቤተ ሙከራቸው ከ1960 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ኔዘርላንዳዊው ጄራርድ ካይፐር መሠረተው። በ2008 ማርስ ላይ ያረፈችውን ፊኒክስ የተባለች መንኮራኩር የመሩትም እነሱ ናቸው።

በ2025 መግቢያ የወጣው የቤኑ አፈር ምርመራ ከሁሉ ይልቅ አስደነቀኝ። አለቷ የተገነጠለችበት ጥንታዊ አካል ላይ ጨዋማ ውኃ ነበረ፤ ውኃው ቀስ በቀስ ተንኖ ጨዎቹን አንድ በአንድ ትቶ ሄዷል። ከተገኙት አንዱ እኛ አሞሌ ብለን ስንገበያይበት የኖርነው ዓይነት ጨው ነው። ሌላው ዳሎል ላይ የሚፈለገው የፖታሽ ማዕድን። ሦስተኛው ትሮና፤ እንደ አቢጃታ ካሉ የሶዳ ሐይቆች የሚገኘው። ከአራት ቢሊዮን ዓመት በፊት በሰማይ የሆነውን ለመረዳት ተመራማሪዎቹ የሚያነጻጽሩት በምድር ላይ ካሉ የደረቁ ሐይቆች ጋር ነው። ደናክል የተወለደ ልጅ ይህን መዝገብ ከማንም ፈጥኖ ሊያነበው ይችላል።

ከቱሳን ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ ዩኒቨርሲቲው የወረሰው የባዮስፌር 2 የመስታወት ቤት አለ። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏልና አልፈዋለሁ፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ እርሻ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ግሬግ ባሮን-ጋፎርድ ከፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎች ሥር አትክልት ተከለ። በ2019 በታተመው ውጤት ቺልቴፒን የሚባለው፣ እንደ ሚጥሚጣ ትንሽና የሚያቃጥል የአገሩ ቃሪያ፣ በጥላው ሥር ከሜዳው ሦስት እጥፍ አፈራ። ሰሌዳዎቹም ከሥራቸው በሚተነፍሰው ተክል ምክንያት ቀዝቀዝ ብለው ዋሉ። ፓሎ ቬርዴ ለሳጓሮ ጫጩት የሚሠራውን ሥራ ሰሌዳው ለቃሪያው ሠራ።

*

ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኢትዮጵያ የተዘረጋ መንገድም አለ። ጄይ ኳድ የሚባለው የሥነ ምድር መምህር የ2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበትን የጎናን አፈር አጥንቷል፤ ቁፋሮውን የመራው ስለሺ ሰማው ነው። አንድሩ ኮኸን የመራው የጥንት ሐይቆች ቁፋሮ ደግሞ በ2014 አፋርና ጨው ባሕር ደርሷል። በደቡብ ኦሞ አካባቢ ያለው ጨው ባሕር ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የጨው ሜዳ ነው። ከሥሩ የወጣው 280 ሜትር ገደማ የጭቃ ዓምድ ግን ወደ 620,000 ዓመት የሚጠጋ የዝናብና የድርቅ ታሪክ ይዟል። ዳግላስ በግንድ ያነበበውን እነሱ በጭቃ አነበቡት።

ተማሪዋ ይህን ስታወራልኝ ድምጿ ተለወጠ። «ዓምዱ የኛ ነው፣ ምድሩ የኛ ነው» አለች። «እኔ ግን የበረሃ ውኃ ለመማር ከበረሃ ተነስቼ በረሃ መጣሁ። አገሬ ስመለስ ለማነጻጸሪያ የምጀምርበት የ50 ዓመት ቁጥር የለኝም።»

በመጨረሻው ምሽት ጋሼ ሊሸኙኝ መጡ። ወደ ደቡብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። መጀመሪያ አቧራ መጣ፤ ከአቧራው ኋላ ሽታ፤ ክሬኦሶት የሚሉት ቁጥቋጦ ቅጠሉ ሲረጥብ የሚሰጠው፣ ከተማውን ሁሉ ከቤቱ የሚያወጣ ሽታ። የቱሳን ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር በአንድ ወቅት ነው የሚገባው፤ ድሮ የሚጠበቀው በዮሐንስ ቀን፣ በእኛ ሰኔ 17 ነበር። ጋሼ መኪናውን ጥግ አስይዘው መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱት። ክንዳቸው በጠብታ ሲርስ አልሰበሰቡትም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አሸዋው ገና ደረቅ ነበር።

«ቆይ» አሉኝ። «ከላይ ነው የሚመጣው።»

እኔም የምለው አለኝ፤ ለሰመራ፣ ለጅግጅጋ፣ ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ኃላፊዎች። የቱሳን ሰዎች በ1906 የነበራቸው ገመድ፣ ካስማ፣ ደብተርና የቀለም ብዕር ነው። ከግቢያችሁ አጠገብ አንድ ሄክታር ደረቅ መሬት ከልሉ፤ የቦታውን ባለቤቶች ጠይቃችሁ እሺ ሲሉ እጠሩት። ውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ግራርና ቁጥቋጦ ቁጠሩ፤ የዝናብ መለኪያ ትከሉ፤ ደብተሩን ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው አስረክቡ። ቆጠራውን በዚህ ክረምት ጀምሩት።